ድንጋይ ውስጥ የመሸገው ሽፍታ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ሳሎን ውስጥ የ300 ሊትር የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት አውራ ጣት የማታክል ዶሚኖ ገዝቼ ነበር፤ አሁን መዳፍ ልታክል ምንም አልቀራት። ሌሎቹን ዓሦች መቆሚያ መቀመጫ አሳጣቻቸው፤ የአንዱን ክላውንፊሽ ጭራ ቦጫጭቃ ጨረሰችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በመረብ ሞከርኩ። መረቡን ገና ሳነሣ ድንጋይ ውስጥ ትገባለች። ልጆቹ ‹ሽፍታው› ብለዋታል። ድንጋዩን እንዳላፈርሰው ኮራል የሚባለው ሕያው የባሕር ፍጥረት ተጣብቆበታል። ባለቤቴ ደግሞ ሳሎኑ በጨው ውሃ መጨማለቁ አንገሽግሿታል። ምን ይሻለኛል?»

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ መረቡን ከሳሎን አውጣው። ሦስት ሳምንት አሳድደኸው ያልተያዘ ዓሣ በአራተኛው ሳምንትም አይያዝም፤ እንዲያውም በየቀኑ ሽሽት እያስተማርከው ነው። ዓሣ በጎንና በጎኑ እስከ ጭራው የሚዘልቅ የስሜት መስመር አለው። መረብ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከፊቱ ያለውን ውሃ ይገፋል፤ ያ ግፊት መረቡ ሳይደርስ ቀድሞ ዓሣው ጎን ላይ ይደርሳል። ሽፍታው ደግሞ የድንጋዩን ጉድጓድ ሁሉ አንተ መብራት ሲጠፋ ወደ ጓዳህ የምትሄድበትን መንገድ እንደምታውቀው ያውቀዋል። (ልጆቹ «ሽፍታው» ካሉት ይቅር፣ እኔም በወንድ እጠራዋለሁ።)

እሱንም ቢሆን መውቀስ ይከብደኛል። ዶሚኖ ከቀይ ባሕር ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የሚገኝ ዓሣ ነው። መላ አካሉ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ፣ በግራና በቀኝ ጎኑ አንዳንድ። ልጅ ሳለ አኔሞኒ በሚባል አበባ መሰል የባሕር እንስሳ መሀል ተሸሽጎ ያድጋል። ሲጎለምስ እስከ 14 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ነጥቦቹ እየደበዘዙ ይሄዳሉ፣ ጠባዩም አብሮ ይከፋል። ሱቅ ውስጥ ግን 3 ሴንቲ ሜትር ሆኖ «ጠንካራ ነው፣ አይሞትም፣ ለጀማሪ የሚሆን ነው» ተብሎ ይሸጣል። ከዓመታት በፊት እኔም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲሁ ተብዬ ገዝቻለሁ። አይሞትም ያሉኝ እውነታቸውን ነው። ሌሎቹ በእሱ እንደሚሞቱ ግን አልነገሩኝም። ገንዳ ውስጥ ቀድሞ የገባ ዶሚኖ ባለርስት ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ጭሰኛ።

ሌላ አገር ያለ ሰው የማይነግርህ አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ባቄላው ቀኑን ሙሉ ተጥዶ አልበስል የሚለንም ውሃው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ነው። ለዓሣህ ይህ ምን ማለት መሰለህ? 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ጠረፍ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ያው ውሃ እኛ ጋ ሲሆን 4.7 ገደማ ነው። ውሃው ዝም ብለው ለሚዋኙት ይበቃል። ሃያ ደቂቃ በመረብ ለሚሯሯጥ ዓሣ ግን አይበቃም። ጉንጩ ቶሎ ቶሎ ሲከፈትና ሲዘጋ አይተህ ይሆናል፤ ያ ንዴት ሳይሆን ትንፋሽ ማጠር ነው። ጣርማ በርን በሩጫ ውጣ ብትባል አንተም እንደዚያው ነህ። እሱ ጠንካራ ነውና ይተርፋል፤ አብረውት የሚደነብሩት ክላውንፊሾች ናቸው የሚጎዱት። የደነገጠና የዛለ ዓሣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይወርዳል፤ ከሳምንት በኋላ ገላው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጠብጣብ ስታይ ገበያ የገዛኸውን ምግብ አትርገም። ስለዚህ ማንኛውንም ሙከራ ከመጀመርህ በፊት አንድ የአየር ፓምፕ ጨምርበት፤ የውሃውም ፊት በደንብ ይናወጥ።

«አሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት የተረተው ሰው የጨው ውሃ ገንዳ ያየ ይመስለኛል። ሽፍታውን ከተደበቀበት ለማስወጣት በእንጨት አሸዋውን የምትቆፍር ከሆነ ዛሬውኑ ተው። ወፍራም አሸዋ ውስጥ፣ አየር በማይደርስበት ከታች፣ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ጋዝ ይጠራቀማል። ስትቆሰቁሰው ይወጣና እንኳን ሽፍታውን ሰላማዊውንም ይፈጃል። ድንጋዩ ውስጥም ባለ ፀጉር ትል ይኖራል፤ በባዶ እጅህ ብትነካው ፀጉሩ ቆዳህ ውስጥ ተሰባብሮ ይቀርና ሲያቃጥልህ ይውላል። ጓንት አድርግ።

መድኃኒት ጨምሮ የማፍዘዝ ሐሳብም ከአሁን በኋላ እንዳይመጣብህ። ወንዝ ዳር ያደገ ዘመድ ካለህ «ብርብራ ወቅጠህ በትንበት» ማለቱ አይቀርም። እውነት ነው፣ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ የቆየ የአገራችን ዘዴ ነው። የሚያሰክረው ግን ሮቴኖን የተባለ መርዝ ነው፤ የዓሣው ሕዋስ ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያግዳል። ወንዝ ይፈስሳል፣ መርዙን ይዞት ይሄዳል። ያንተ 300 ሊትር የትም አይሄድም። የቅርንፉድ ዘይትም እንዲሁ ነው፤ ሐኪሞች ዓሣ ለማደንዘዝ በተለየ ዕቃ ተለክቶ ይጠቀሙበታል፣ ገንዳው ውስጥ ግን አይፈስስም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ልጅ ሆነህ ርግብ ወይም ቆቅ አጥምደህ ታውቃለህ? ወንፊት ወይም እንቅብ በአጭር እንጨት ደግፈን፣ እንጨቱን በክር አስረን፣ ከሥሩ ጥሬ በትነን፣ ከአጥር ኋላ አድፍጠን እንጠብቅ ነበር። የቸኮለ ልጅ ወፏ ጠርዙ ላይ እንደቆመች ይስባል፣ እንቅቡም ባዶ መሬት ላይ ይወድቃል። ሦስት ቀን በነጻ ያበላ ልጅ ግን ወፏ መሀል ገብታ ጀርባዋን ሰጥታው ስትለቅም ይስባል። ዶሚኖ የሚያዘው በዚሁ ዘዴ ነው። ልዩነቱ እንቅቡ መስታወት መሆኑ ብቻ ነው።

መስታወት ቆራጭ ዘንድ ሂድና ከቁርጥራጭ ላይ ሣጥን አስቆርጥ፤ ርዝመቱ 30፣ ወርዱና ቁመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጠርዙ ይሞረድልህ። ለገንዳ በሚሆን ሲሊከን አጣብቀው፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ሻጋታ እንዳይዝ መርዝ የተጨመረበት ስለሆነ አይሆንህም። ሁለት ቀን ይድረቅ፣ የኮምጣጤ ሽታው ይጥፋ። አንደኛው ጫፍ ክፍት ሆኖ በግራና በቀኝ መሮጫ ይሠራለት፤ በሩ በዚያ ላይ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። በሩን ከመስታወት ማድረግህ ጥቅም አለው፦ ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲወርድ መስታወት በክብደቱ ይወድቃል። ነገር ግን የበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ ቀጭን የሲሊከን ከንፈር አስቀምጥለት፤ ጭራው ላይ ቢወድቅ እንዳይቆርጠው። በሩን የምትይዝበት ክር የመንጠቆ ናይለን ይሁን፣ አይታይም።

በሩን መጣል ደግሞ ገንዳው ውስጥ እንዳትለማመድ። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልተህ ሃያ ጊዜ ጣለው፣ አንሣው፤ መሮጫው ላይ የሚይዘው ቦታ ካለ አስተካክል። ሽፍታው ፊት በሩ የሚወድቀው አንዴ ብቻ መሆን አለበት። አንዴ አይቶ ካመለጠ ሣጥኑን እንደ መረቡ ይቆጥረዋል፤ ከዚያ በኋላ ወር ብትጠብቅም አይገባልህም።

አሁን ሣጥኑን ገንዳ ውስጥ አስገባና እርሳው። ከዋሻው ደጃፍ ላይ ሳይሆን አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገህ፣ ክፍት አፉን ወደ እሱ አዙረህ፣ አሸዋው ላይ አስቀምጠው። በመጀመሪያው ቀን ይሸሸዋል። በሁለተኛው ቀን ዙሪያውን ይዞርና ይገፈትረዋል፤ ግዛቱ ውስጥ ቤት ተሠርቷላ! ምግብ ከዚህ በኋላ የሚሰጠው ሣጥኑ ውስጥ ብቻ ነው። የቀዘቀዘ ሽሪምፕ አሟሙተህ፣ በረጅም የፕላስቲክ ቱቦ ወይም በትልቅ መርፌ አልባ ስሪንጅ ከሣጥኑ ጫፍ አድርስለት። መጀመሪያ የሚገቡት ክላውንፊሾቹ ናቸው። ግድ የለም፣ ይብሉ። ሽፍታው ሌላው ሲበላ ቆሞ ማየት አይችልም፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ተንደርድሮ ይገባል፣ ይነጥቃል፣ ይወጣል። አትንካው። ገብቶ ተረጋግቶ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ጉርሻ እዚያው ቆሞ እስኪበላ ድረስ ጠብቅ። አንዳንዱ በአምስት ቀን፣ አንዳንዱ በሁለት ሳምንት ነው።

ልቡ ቶሎ እንዲደፍር ከፈለግህ አንድ ዘዴ አለኝ። ከሣጥኑ ጀርባ በኩል፣ ከገንዳው ውጭ መስታወቱ ላይ፣ የፊት መስተዋት ለጥፍበት። ውስጥ አታግባው፣ ጨው ጀርባውን ይበላዋል። ሽፍታው ሣጥኑ ጫፍ ላይ ሌላ ዶሚኖ ቆሞ ያያል። ይህን ዓይነት ንቀት የሚችል ዶሚኖ አላየሁም።

የማጥመጃው ቀን ሲደርስ ከዋዜማው ምግብ ከልክል። አንድ ወይም ሁለት ቀን ጾም ጤነኛ ዓሣ አይጎዳም፤ የሑዳዴን ያህል አስጹመው አላልኩህም። ጠዋት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ክሩን በገንዳው አናት አሳልፈህ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለህ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ስልክህን አጥፋ። ሽሪምፑን ከሣጥኑ ጫፍ አድርግ። ይገባል። የመጀመሪያውን ጉርሻ ይዞ ዞሮ ይወጣል፤ እጅህ ይንቀጠቀጣል፣ ተወው። ተመልሶ ይገባል። አሁን ዓይንህን ከጭራው ላይ አትንቀል፤ ጭራው የበሩን መሥመር አልፎ፣ ፊቱ ወደ ጀርባው መስታወት ሆኖ፣ ለመጉረስ ወደ ታች ዝቅ ሲል ክሩን ልቀቀው። መሳብ አያስፈልግም፣ መልቀቅ ብቻ። ክላውንፊሽ አብሮት ቢገባ አትቆጭ፤ ኋላ በእርጋታ ትለየዋለህ።

ሣጥኑን ስታነሣ ከነውሃው አንሣ። ከሣጥኑ በመረብ ልታወጣው እንዳትሞክር፤ የጀርባው እሾህ መረብ ውስጥ ይጠላለፍና ክንፉ ይቀደዳል፤ አንተም ትወጋለህ። ባልዲ ውስጥ ሣጥኑን ዘቅዝቅና ራሱ ዋኝቶ ይውጣ።

ለወጥመዱ አሻፈረኝ ካለ የሌሊት መንገድ አለ። ዶሚኖ ሌሊት የሚተኛው ድንጋይ ውስጥ ነው፣ ብዙ ጊዜም በዚያው በአንዱ ጉድጓድ። መብራት ካጠፋህ ከሁለት ሰዓት በኋላ በቀይ የእጅ ባትሪ እያየህ የት እንደሚያድር ለጥቂት ሌሊት ሰልለው፤ ዓሣ ቀይ ብርሃን ብዙም አይታየውም። የሚተኛበት ድንጋይ ለብቻው የሚነሣ ከሆነና ኮራል ካልያዘው፣ ሳፋ አጠገብህ አድርገህ ድንጋዩን ከነሽፍታው ብድግ ነው። ሊነቃ ይችላልና እጅህ አይዘግይ።

ሃይላንድ ቆርጦ አፉን ወደ ውስጥ ገልብጦ የሚሠራው ወጥመድ ለትንንሽ ዓሦች ግሩም ነው፣ ያንተ ግን በአፉ አያልፍም። መንጠቆም ይቻላል፤ በጣም ትንሿን፣ ምላሷ በፒንሳ ተጨፍልቆ የተስተካከለላትን። አንድ ጊዜ ሠርቶልኛል፣ ግን አፉ ቆስሎ ሁለት ሳምንት ሳይበላ ቀረ፤ ደግሜ አልሞክረውም።

ውሃውን አጉድሎ መያዝ የመጨረሻው ነው፤ ሰው ግን የሚጀምረው ከእሱ ነው። 300 ሊትሩን ወደ 80 ሊትር ለማውረድ 220 ሊትር የጨው ውሃ በንጹሕ ጀሪካን ታወጣለህ። ኮራልህ አየር ላይ ይቆያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ ሲበረታ ደግሞ ጀሪካን ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ግድ ከሆነብህ እኩለ ቀን ላይ ሥራውና ጀሪካኖቹን በባና ጠቅልላቸው። የምትመልሰው ውሃ ከገንዳው ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዳይለይ በቴርሞሜትር እይ። ጎድሎብህ አዲስ ውሃ ከሠራህ ለገንዳ የተዘጋጀውን የባሕር ጨው በሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም ነው የምትበጠብጠው። የአፍዴራ ጨው ለወጥ ነው፤ የባሕር ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ማግኒዥየም በሚበቃ መጠን የለውም።

ይህን መንገድ የምጠላበት የራሴ ምክንያት አለኝ። አንድ ጊዜ የራሴን ገንዳ እንዲህ አጉድዬ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወጣሁ ሳፋ ውስጥ ደረደርኩ። በመጀመሪያ ሂተሩን ሳልነቅል ቀረሁ፤ ውሃው ከሥሩ ሲሸሽ በአየር ላይ ግሎ፣ ትንሽ ውሃ ሲረጭበት ጠጭ ብሎ ተሰነጠቀ። እሱን ነቅዬ ቀጠልኩ። ድንጋዩ ሁሉ ወጣ፣ አሸዋው ብቻ ቀረ፤ ዓሣው የለም! ወለሉን ፈለግሁ፣ ከሶፋው ሥር ገባሁ፣ ድመቷን ጠረጠርኩ። ውሃውንም ድንጋዩንም መልሼ ደክሞኝ ተኛሁ። ሁለት ድንጋዮች ግን ቦታ አልበቃቸው ብሎ ሳፋው ውስጥ ቀርተው ነበር። ጠዋት አንዱን ሳነሣው ከጉድጓዱ ጥቁር ጭራ ብቅ ብሎ አየሁ። ደርቋል። ዓሣ ሲፈራ ወደ ውሃው አይሸሽም፣ ወደ ድንጋዩ ውስጥ ነው የሚሸሸው፤ ድንጋዩ ከውሃ ሲወጣም ሙጭጭ ብሎ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ የምታወጣውን ድንጋይ ሁሉ ውሃ በሞላበት ሳፋ ላይ ይዘህ አንጠፍጥፈው፣ ቀዳዳ ቀዳዳውን በባትሪ እይ፤ አየሁ ያልከውንም እንኳ ደረቅ ቦታ አታሳድር።

ከተያዘ በኋላ ወዴት ይሂድ? በሬሳ ወንዝ ውስጥ እንዳትጥለው፤ የጨው ውሃ ዓሣ ነው፣ በጣፋጭ ውሃ ይሞታል። ከእሱ የሚተልቁ ዓሦች ያሉት ሰው ካገኘህ ስጠው፤ ከሚያክሉት ጋር ሲሆን ሽፍትነቱ ይበርዳል። ካልሆነ አዲስ አበባ የሚቀበል ሱቅ አለ። ሊጓዝ ሲል አንድ ቀን ምግብ አትስጠው፣ መንገድ ላይ ውሃውን እንዳያቆሽሸው። ወፍራም ፌስታል ሁለት ደርበህ፣ አንድ ሦስተኛ ውሃ፣ ሁለት ሦስተኛ አየር አድርገህ ጥብቅ አርገህ እሰር፤ እሾሁ የውስጡን ቢወጋው የውጪው ይይዝልሃል። ካርቶን ውስጥ በብርድ ልብስ ሸፍነው፤ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ጨለማ ውስጥ ሲሆን ይረጋጋል። ከአዲስ አበባ ያመጣኸው ዕለት ፌስታሉ እንደ ከበሮ ተነፍቶ እንደነበር ካስታወስክ፣ ስትወርድ ተቃራኒው ነው የሚሆነው። ሰንዳፋ ስትደርስ ካርቶኑን ከፍተህ ብታየው ትንሽ ላላ ብሎ ታገኘዋለህ፤ የአየሩ ግፊት ጨምሮ ነው እንጂ ፌስታሉ አልተቀደደም።